መራራው ሻይና የስኪ ዳክዬዎች

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017፣ ዘወረደ

የሰፈሬ ሐኪም፣ ሃውስአርትሷ፣ ይህን ደብተር የሰጠችኝ የምበላውን ሁሉ እንድጽፍበት ነው። “ስኳርህ ከፍ ብሏል፤ ጠዋት ምን እንደበላህ፣ ማታ ምን እንደበላህ ጻፍ” አለችኝ። እሺ። ዛሬ ጠዋት የየትነበርሽን ቁጣ በላሁ። ማታ የተረፈውን አሙቃ አቀረበችልኝ። ሚስቴ በርበሬ እንጂ ስኳር እንደሌለባት ሰፈራችን ዴልፍስሃቨን በሙሉ ያውቃል፤ የኔ ስኳር ከየት እንደመጣ ሐኪሞቹ ይመርምሩ።

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከቅዳሴ በኋላ ጓደኛዬ ማንደፍሮ በሜትሮ ዴንሃግ ከተማ ይዞኝ ሄደ። የሚኖረው ከቻይኖቹ ሰፈር ጀርባ፣ ብቻውን ነው። “ለስኳር የሚሆን ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ አግኝቻለሁ” እያለ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ጆሮዬን ሲበላው ከርሟል። እሱም እንደኔ ስኳር አለበት፤ የሱ ይብሳል።

የሱቁ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ መሳቢያ ነው። አሮጊቷ ቻይናዊት ከአንዱ የደረቀ መራራ ዱባ፣ ከሌላው የሐር ትል የሚበላውን ቅጠል፣ ከሌላው ደግሞ የአህያ ጥርስ የሚመስል ሥር እያወጣች መዘነችልን።

“ቻይናዎች ይህን ስንት ሺህ ዓመት ጠጥተውታል” አለ ማንደፍሮ።

“የጠጡት ታዲያ የት አሉ?”

“እነማን?”

“የዚያን ዘመኖቹ።”

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ አንድ ድንኳን ውስጥ ከተገናኘን ጀምሮ የኔ ቀልድ ማንደፍሮን አልፎት አያውቅም። ሌላው ሰው ገና ሲያስብ እሱ ስቆ ጨርሷል።

ሴትዮዋ እሽጉን ስታስረክበን ጣቷን አንስታ በአገሩ ቋንቋ፣ በደች፣ አንድ ነገር ተናገረች። የሷ ደች አንካሳ፣ የኛ ደች ሽባ። ራሳችንን ነቅንቀን ወጣን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ሻዩ በሸክላ እንጂ በብረት አይፈላም ተብሏል። በቤታችን ያለው ሸክላ ጀበናው ብቻ ነው። የትነበርሽ ገበያ ነበረች። አፈላሁት።

ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከዚህ ጋር ሲተያይ ኮሶ ጠጅ ነው።

የትነበርሽ ገብታ አሸተተች። “ምን ሞቶ ነው?”

“ስኳሬ።”

“በጀበናዬ ነው ያፈላኸው? አንተ ሰውዬ፣ ከእንግዲህ ይቺን ጀበና ማን ይጠጣባታል?” መስኮቱን ከፈተችና፣ “ኪኒንህንስ ዋጥህ?” አለች።

“ለዳክዬዎች ሰጠኋቸው።”

“አፍህን ክፈት።”

“ሕፃን መሰልኩሽ?”

አልከፈትኩም። መዋጡን ግን ውጫለሁ። ኪኒኔን አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም፤ ከስኳሩ ይልቅ የምፈራው እሷን ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ማንደፍሮ ደወለ። ሻዩን ጥዋትም ማታም ይጠጣል፤ “ገላዬ ቀለለኝ” ይላል።

የሱ ነገር ከኔ ይለያል። እሱ መርፌ ነው የሚወጋው። ጠዋት ተወግቶ ካልበላ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ትራም ውስጥ ወድቆ፣ ሰካራም መስሏቸው ተራምደውት ወርደዋል። ስለዚህ አይጾምም። ካልጾመ ደግሞ አይቆርብም። ቀሲስ መልአኩ “ሕመምተኛ ጾም የለበትም፤ ፈጣሪ ያውቃል” ቢሉትም፣ ቁርሱን በልቶ ወደ መቅደሱ መጠጋት አይሆንለትም። ስንት ዓመት ሆነው፣ በሩ ላይ፣ ጫማ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አጠገብ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። እኔ “ጫማ ጠባቂው” እለዋለሁ። “ዛሬ ስንት ጥንድ አስረከቡህ?” ስለው ይስቃል።

ዛሬም በስልክ አልኩት። የሳቀ መሰለኝ። ስልክ ስለሆነ አይታወቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

የመድኃኔዓለም ማኅበር። ተራው የትርንጎ ስለነበር ስኪዳም ሄድን። ከተማው በሙሉ ጂን የሚሉትን አረቄ ሲያወጣ ኖሮ ዛሬ የአረቄ ሽታ እንኳ የለውም። በጾም ወራት የሚጎበኝ ከተማ ነው።

ጸሎቱ አልቆ፣ ሽሮውና ምስሩ ተበልቶ ሲያበቃ፣ የሕመም ወሬ ተጀመረ። በኛ ዕድሜ ከጸሎት ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዷ ደም ግፊቷን እያነሱ ቆዩ።

“ጋሽ አዘዘ፣ እርስዎ ግን ፊትዎ ጠርቷል” አለች ትርንጎ። “ስኳሩ እንዴት ሆነ?”

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሰው ዞሮ ሲያየኝ ምላሴ ባለቤት የለውም።

“ስኳር?” አልኩ። “የቻይናውን ሻይ ከጀመርኩ ወዲህ ስኳር የሚባል ነገር ትቶኝ ሄዷል። ኪኒኑን ወስጄ ለስኪ ወንዝ ዳክዬዎች በተንኩላቸው። አሁን በዴልፍስሃቨን ስኳር የሌለብን እኔና ዳክዬዎቹ ብቻ ነን። መርፌ ያለው ሰው ካለ ያምጣ፤ ዝይዎቹ ተራ ይዘው እየጠበቁ ነው።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎ ድስቱን እንዳቀፈች ተቀመጠች። የትነበርሽ አልሳቀችም፤ ቀልዴን ስንት ዘመን ከሸሚዜ ጋር ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ማንደፍሮ ሳቀ። ፊት ለፊቴ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ሳቀ።

ስንወጣ ኮቴን እያቀበለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ከልብህ ነው?” አለኝ።

“አንተ ትሙት” አልኩት።

ጥሩ ቀን ነበር። ሜትሮ ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ የትነበርሽ በክርኗ ወጋችኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ሃውስአርትሷ ደሜን አይታ ደስ አላት። “ምን አደረግህ?” አለችኝ። “ጾምኩ” አልኳት። ስለ ሻዩ አልነገርኳትም፤ የባህል መድኃኒት ለሐኪም ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ይባላል። ኪኒኑን እንዳታቆም አለች። አላቆምኩም።

እሑድ፣ መጋቢት 7፣ መጻጉዕ

ማንደፍሮ ዛሬ ቁርስ ሳይበላ መጣ። ከሰኞ ጀምሮ እየጾመ ነው።

“መርፌውስ?” አልኩት።

“ሻዩ አለ አይደል” ብሎ ጠቀሰኝ።

እኔም መልሼ ጠቀስኩት። የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ማን በማን ላይ እየቀለደ እንደሆነ አንጠያየቅም። መርፌውን ማታ ማታ እየተወጋ ይሆናል። የተማረ ሰው ነው፤ ሒሳብ ያስተምር ነበር።

የዛሬው ወንጌል ስለዚያ መጠመቂያው ዳር ተኝቶ ስለኖረው በሽተኛ ነበር። “ሰው የለኝም” ያለው። ማንደፍሮ ከጫማዎቹ አጠገብ ቆሞ ሲያዳምጥ አየሁት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

የልጅ ልጄ ሄርሜላ ከአምስተርዳም መጣች። ሆቴል ነው የምትሠራው፤ የቻይና እንግዳ ስለሚበዛባት ስለ ሻዩ ልታስተምረኝ ዳዳት። እሽጉን አገላብጣ አነበበች።

“አባባ፣ ሉስተር፣ ስማኝ፤ እዚህ ላይ ‘መድኃኒትህን እንዳትተው’ ይላል። ሴትዮዋ አልነገረችህም?”

“ጣቷን አንስታ ነበር።”

“አንተ ደግሞ። ማንደፍሮም ይጠጣል አይደል? ንገረው፣ ኤክት፣ የምሬን ነው፣ ቀልድ አይደለም።”

“ማንደፍሮ ከኔ የተሻለ ደች ያነባል” አልኳት። ያነባል። ዐይኑ ደህና በነበረ ጊዜ ያነብ ነበር።

እሑድ እነግረዋለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት

ሰው በዝቶ ልነግረው አልተመቸኝም። ማንደፍሮ ከስቷል፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ከቅዳሴ በኋላ በቴርሞስ የያዘውን ሻይ ሳይተነፍስ ጨለጠው። “ይጠማኛል” አለ። ከዚያ ሽንት ቤት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ።

“መናኝ ሊሆን ነው” አልኩ ለሰዎቹ። ሳቁ።

በሚቀጥለው እነግረዋለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 21፣ ገብር ኄር

ዛሬ ማንደፍሮ ቆረበ።

ስንገባ ጫማ መደርደሪያው ጋ አጣሁት። ከፊት፣ ከቆራቢዎቹ ሰልፍ ውስጥ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ቆሟል። ቀሲስ መልአኩ ትናንት “ሐኪሙ ምን አለህ?” ብለው ጠይቀውት “ተሽሎኛል፣ አባታችን” ብሏቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። አፉን በነጠላው ሸፍኖ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ፊቱን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የሃያ ዓመት ወጣት ነበር የሚመስለው፤ የሃያ ዓመት፣ ግን የከሳ።

ቆይቶ ጸበል ከጠጣ በኋላ ተጠጋሁትና “ጫማ ጠባቂው ሥራ ለቀቀ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምን ይሆናል?” አልኩት።

“አንተን ይቀጥሩሃል” አለኝ።

ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሰዎቹን በሩቁ አላወቃቸውም፤ “ዐይኔ ደበዘዘብኝ” ይላል። ስለ እሽጉ ጽሑፍ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። በዚህ ቀን? ከቁርባን ሲመለስ? የትኛው ሰው ነው የሚነግረው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ማንደፍሮ ስልክ አያነሳም። ዐውቄበታለሁ። ባለፈው ክረምት እኔ ሆን ብዬ ስልክ ሳላነሳ አስደንግጬው “ብድሬን እመልሳለሁ” ብሎ ዝቶብኝ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

አሁንም። “ቻይናዊቷን አገባህ እንዴ?” ብዬ መልእክት ላክሁለት። የትነበርሽ “ተነሥ እንሂድ” አለች። “ብንሄድ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚስቅብን” አልኳት።

አልሄድንም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

በሩን ፖሊስ ከፈተው። ወጥ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ነበር። ይተነፍሳል። ምድጃው ላይ የሸክላ ማሰሮ፣ ውስጡ ቅጠል። ሙሉ።

ፍሪጁን የከፈተችው የትነበርሽ ናት። መርፌዎቹ እንደታሸጉ፣ በረድፍ። ምናልባት ሌላ ቦታ የጀመረው ይኖረዋል። አልፈለግንም እኮ። በደንብ አልፈለግንም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ዴንሃግ፣ ሆስፒታል። ሄርሜላ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ ስኳሩ መሣሪያው ሊያነበው ከሚችለው በላይ እንደነበር፣ ኩላሊቱም እንደቆመ ተናገረ። “መርፌውን እንዲተው የነገረው ሰው አለ ወይ?” ብሎ ጠየቀ።

“አላውቅም በይው” አልኳት።

ሄርሜላ አየችኝ። ከዚያ ተረጎመች።

ከሰዓት በኋላ ማንደፍሮ ዐይኑን ገለጠ። ጎንበስ አልኩለት። ድምፁ የደረቀ ቅጠል ነበር።

“ዳክዬዎቹ ደህና ናቸው?” አለኝ።

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ። እሱም በከንፈሩ ጥግ ፈገግ አለና ዐይኑን ከደነ። ነርሷም ምን እንደተባባልን ሳታውቅ አብራን ሳቀች።

አሁን ቤት ገብቼ፣ የትነበርሽ ተኝታ፣ ይህችን ነገር እያገላበጥኩ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ቀልድ መሆኑን ያወቀ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ያወቀ። ቀልዴ አልፎት አያውቅም ብዬ የለም? መጾም ስለፈለገ፣ መቁረብ ስለፈለገ፣ በገዛ ፈቃዱ ነው የተወው፤ እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ይተወው ነበር። ካወቀ ታዲያ ኮቴን ይዞ “ከልብህ ነው?” ለምን አለኝ? ያወቀ ሰው ይጠይቃል? ደግሞ “አንተ ትሙት” የማይል ማን አለ? ሐበሻ በቀን ስንት ጊዜ ይላታል፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ ይላታል።

ሲነቃ እጠይቀዋለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

አልነቃም።

ወደ ቻይናዊቷ ሱቅ ሄድኩ። ልጮህባት ነው የሄድኩት፤ በሜትሮ ውስጥ የምላትን በደች ስለማመድ ነበር። ገና “ጓደኛዬ” ስል አወቀችኝ። ከባንኮኒው ወጥታ መጣች።

“ያ ቀጭኑ? የት አለ? እኔ ነገርኩት” አለች ጣቷን አንስታ። “ሻይ ከመርፌ ጋር። በመርፌ ፋንታ አይደለም። ሁለት ጊዜ ነገርኩት። እሱ፣ ‘ጓደኛዬ መድኃኒቱን ለዳክዬ ሰጥቶ ድኗል፣ ምሎልኛል’ አለኝ። እኔ፣ ‘ዳክዬ ሐኪም አይደለም’ አልኩት። አልሸጥልህም አልኩት። ሌላ ሱቅ ሄዶ ገዛ።”

አጎንብሳ ወንበር አመጣችልኝ። አልተቀመጥኩም።

የተለማመድኩት ደች ጠፋኝ። ዝናብ ነበር። ወደ ሜትሮው የሄድኩት በየት በኩል እንደሆነ አላስታውስም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱት የሚሆነው ጸሎት ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በሁላችንም ላይ ይደርሳል። በየዓመቱ ማንደፍሮን “ቀብራችን በቅድሚያ ተከፈለ” እለው ነበር። ዘንድሮ ዘንባባዬን ይዤ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆምኩ። ቀሲስ መልአኩ “ጋሽ አዘዘ፣ ወደፊት ይምጡ እንጂ” አሉኝ። እዚህ ይሻለኛል አልኳቸው።

ጸሎቱን ሰምቼ ለኔ እንዲሆን ለመንኩ። ለሱ ሳይሆን ለኔ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ማንደፍሮ ጎሕ ሲቀድ ሞተ። ፍትሐቱ እሑድ ተደርጎለታል፤ እሱ በሕይወት ሳለ፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ቀበርነው። ሕማማት ስለሆነ ሰው አይሳሳምም። ለቀስተኛው ከሩቅ እጅ ነሥቶኝ ያልፋል። ደግ ነገር ነው፤ ፊቴን ማንም በቅርብ አላየውም።

ከቀብር መልስ እኛ ቤት ገቡ። የትነበርሽ ያቺኑ ጀበና ፈትጋ አጥባ ቡና አፈላች። መረራቸው። የለቅሶ ቡና መስሏቸው ጠጡት።

ታናሽ እህቱ እናትነሽ ከወልዲያ ደወለች። ስታለቅስ ቆይታ፣ “ጋሼ፣ መርፌውን ማን ነው ያስተወው?” አለችኝ።

“አንዲት ቻይናዊት አለች” አልኳት። “ሻይ የምትሸጥ።”

ዞር ስል የትነበርሽ በሩ ላይ ነበረች። ሲኒዎቹን ይዛ። ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፣ ትንሣኤ

ጾሙ ተፈታ። ዶሮው ቀረበ፤ ሁለት ጎረስኩ።

ጠዋት ወደ ስኪ ወርጄ ነበር። ዳክዬዎቹ ልጆች ፈልፍለዋል። ዳቦ የያዝኩ መስሏቸው ተከትለውኝ መጡ። እጄን ዘርግቼ ባዶ መሆኑን አሳየኋቸው።

ስመለስ እናትነሽ ደወለች። “እንኳን አደረሰዎ” አለች። ድምፅዋ የወንድሟን ይመስላል፤ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩም ነበር።

“ብቻውን አለመሆኑ ነው የሚያጽናናኝ” አለች። “ስለ እርስዎ ቀልድ ሳያነሣ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። በመጨረሻ አሳቁት ይሆን?”

“ስቋል።”

“በምን?”

ነገርኳት። ማኅበሩን፣ ሻዩን፣ ኪኒኑን ለዳክዬ በተንኩ ማለቴን፣ ተራ የያዙትን ዝይዎች፣ አንድ በአንድ። ኮቴን ሲያቀብለኝ ምን ብሎ እንደጠየቀኝና በምን እንደማልሁለትም። ሆስፒታል ውስጥ ስለ ዳክዬዎቹ ጤና መጠየቁን በመጨረሻ ጨመርኩላት። ማኅበሩ ላይ እንዳወራሁት አድርጌ፣ ድምፄን እየቀያየርኩ ነው ያወራሁላት፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም።

ሳቀች። እንደሱ ነው የምትስቀው፣ ሰው ሳይጨርስ ቀድማ። ሳቋ እየቀጠነ ሄደና ቆመ።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

“አለሽ?” አልኳት።

“አለሁ” አለች።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ፤ ከወዲያ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

የትነበርሽ ኪኒኑንና ውሃውን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዋጥኩት። ሳትጠይቀኝ አፌን ከፈትኩላት፤ አይታ እስክትጨርስም አልዘጋሁትም።